የአዲስ ዊንዶውስ ወሬ ሲናፈስ

እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ እኔ መጀመሪያ የማየው የቢልድ ቁጥሩን፣ ማለትም የሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ዕትም የሚለይበትን ቁጥር ነው። «ሾልኮ የወጣ» የተባለ ስክሪንሾት ሲመጣ ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ጽሑፍ አጉልታችሁ እዩ። ቁጥር ከሌለው እለፉት፤ ባማረ ዲዛይን አትሸወዱ። ካለው ማይክሮሶፍት ለኢንሳይደር ሞካሪዎች (አዲስ ዕትም ለሁሉም ከመውጣቱ በፊት ለሚሞክሩት) ከሚያወጣው ማስታወሻ ጋር አመሳክሩት።

ወሬ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የዊንዶውስ 11 ቢልድ 21996 ሾልኮ የወጣው ጁን 24፣ 2021 በይፋ ከመታወጁ ቀናት በፊት ነበር። በአንጻሩ በይፋ የተነገረም ይቀራል። ባለ ሁለት ስክሪን ኮምፒውተሮች ታስቦ የነበረውን ዊንዶውስ 10ኤክስን ታስታውሳላችሁ? በ2019 ታወጀ፣ በ2021 ውሃ በላው።

የአፕል ይቀላል፤ አዳዲስ ሲስተሞቹን የሚያስተዋውቅበትን ዓመታዊ የጁን ጉባኤ መጠበቅ ነው። ነጻው የሊኑክስ ሲስተም ኡቡንቱማ በየዓመቱ ኤፕሪልና ኦክቶበር አዲስ ዕትም ይወጣለታል፣ ምን ወሬ ያሻዋል!

የሾለከ ፋይል ዋና ኮምፒውተራችሁ ላይ እንዳትጭኑ። በጣም ከጓጓችሁ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ሞክሩት።