የጀልባ ሬዲዮ እምቢ ሲል

ጅማ ባህር የላትም፣ ውሃ ግን አላት። አሰንዳቦ አካባቢ ባለው የግልገል ጊቤ አንድ ሐይቅ ላይ ሞተሩ ቆሞ፣ ስልኩም ኔትወርክ ያጣ ሰው ባህር ላይ ካለው ብዙም አይሻልም። ጀልባችሁ ላይ የባህር ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (ከጀልባ ወደ ጀልባ ወይም ወደ ዳር በድምፅ የሚያነጋግረው) ካለ ወይም በእጅ የሚያዘውን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ «ሞቷል» ብላችሁ ወደ ሠሪ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን እዩ። ሬዲዮው ራሱ የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ባትሪ፣ ሽቦ፣ አንቴና ወይም ሳይታወቅ የተነካ ቁልፍ ነው።

«እጣራለሁ፣ የሚመልስ የለም»

መጀመሪያ ነገር የሚሰማ ሰው አለ ወይ? ባህር ላይ ቻናል 16 (156.8 ሜጋኸርዝ) የመጥሪያና የጭንቅ ቻናል ነው፤ መርከቦችም የጠረፍ ጣቢያዎችም ጆሯቸው እሱ ላይ ነው። እኛ ሐይቅ ዳር ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ የለም። ስለዚህ አንድ ሬዲዮ ብቻ ገዝቶ ጀልባ ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛው ዳር ላይ፣ ቻርጅ ተደርጎ፣ በታወቀ ቻናል ሥራዬ ብሎ በሚያዳምጥ ሰው እጅ ይሁን፤ በየስንት ሰዓቱ እንደምትገናኙና ዝም ካላችሁ ምን እንደሚያደርግም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፍሪኩዌንሲ ለመጠቀም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱን ሳትጨርሱ ሬዲዮ አትግዙ።

ሰሚ ኖሮም ካልተሰማችሁ ቦታውን ጠርጥሩ። ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ኮረብታ አይዞርም። ርቀቱን በግምት ለማወቅ የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ያዙ፣ የየራሳቸውን ስኩዌር ሩት ደምሩ፣ በ4.1 አባዙት። ጀልባው ላይ 1 ሜትር፣ ዳር ላይ 4 ሜትር ከሆነ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ያውም መሃል ላይ የሚጋርድ ከሌለ። ዋት ከመጨመር ይልቅ ዳር ያለው ሰው ከፍ ያለ ቦታ ቢወጣ ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ቻናሉ ነው። ሁለታችሁም ለምሳሌ 26 ላይ ሆናችሁ ላትደማመጡ ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያሉት ቻናሎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ልከው 4.6 ሜጋኸርዝ ከፍ ባለ ሌላ የሚቀበሉ፣ ከጠረፍ ጣቢያ ጋር ለመነጋገር የተሠሩ ናቸው። ፈቃድ ስትጠይቁ እንደ 6፣ 8፣ 72 ወይም 77 በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ቻናል ጠይቁ። ከውጭ የመጡ ሬዲዮዎች የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የቻናል ምርጫ አላቸው፤ ሁለታችሁም ዓለም አቀፉ ላይ ሁኑ። የማስተላለፊያ ኃይሉ 1 ዋት ላይ ቀርቶም እንደሆነ እዩ። የጀልባው እስከ 25 ዋት ይደርሳል፣ የእጁ 5 ወይም 6።

«እሰማለሁ፣ ልናገር ስጫን ይጠፋል»

መብራት አነሰው። ሲያዳምጥ የሚበላው ትንሽ ነው፣ በ25 ዋት ሲናገር ግን 5 አምፔር አካባቢ ይስባል። ባትሪው ደካማ፣ ሽቦው ቀጭን ወይም ተርሚናሉ የዛገ ከሆነ ቮልቱ ያን ጊዜ ይወድቃል። ቴስተር ይዛችሁ ሬዲዮው መግቢያ ላይ፣ እየተናገራችሁ ለኩ። ባትሪውን ብቻ ለክቶ «12.6 ነው፣ ደህና ነው» ማለት አይሠራም። ብዙዎቹ ከ11.7 ቮልት በታች ያስቸግራሉ። ባትሪው ጋ ደህና ሆኖ ሬዲዮው ጋ ከወደቀ ችግሩ መሃል ያለው ሽቦ ወይም ፊውዝ ቤቱ ነው፤ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ቀጥታ ሳቡለት። ውሃ ላይ ሳላችሁ ከገጠማችሁ ወደ 1 ዋት አውርዱትና ተናገሩ። ፊውዝ ሲቃጠል የሽቦ ክር ጠምጥሞ የሚሰጣችሁን «ባለሙያ» ግን ጀልባችሁን አታስነኩት።

«ቅርብ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው»

አንቴናና ገመድ። የጅማ ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ ዝናቡ በኮኔክተሩ ገብቶ በገመዱ ውስጥ ይወርዳል። ጫፉን ቆረጥ አድርጋችሁ እዩት። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ አትልፉ፣ ገመዱን ቀይሩት፤ የአዲሱንም ኮኔክተር ውሃ በማያስገባ ቴፕ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። አንድ ነገር፦ ብዙ አንቴናዎች በቴስተር ሲለኩ ሾርት ያሳያሉ፣ አሠራራቸው ነውና ደህናውን እንዳትጥሉ። ትክክለኛው መለኪያ ኤስደብሊውአር ሜትር ነው፤ ወደ አንቴናው ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚመጣ ያሳያል። እስከ 1.5 ጥሩ ነው፣ 3 ከደረሰ መናገር አቁሙ። አንቴና ሳይሰካማ ጨርሶ አትጫኑ፣ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል።

«ሽሽሽ ይላል» ወይም «ጭራሽ ዝም ብሏል»

ስኩዌልች የሚባለው፣ ጥሪ በሌለ ጊዜ ጫጫታውን የሚዘጋው ቁልፍ ነው። ሹክሹክታው እስኪመጣ ፍቱት፣ ከዚያ ልክ ዝም እስኪል ብቻ መልሱት። ከዚያ ካለፈ ደካማ ጥሪ ይቆርጣል። ሞተር ሲጠፋ ጫጫታው አብሮ ከጠፋ የሬዲዮውን ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ አርቁ። የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ መብራትም ይረብሻሉ፤ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሞክሩ።

«ቻናሉ በሙሉ ተዘጋ»

የአንዱ ማይክ ቁልፍ ተጣብቋል፣ ወይም ማይኩ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። የማስተላለፊያው ምልክት ስክሪኑ ላይ ከበራ የናንተ ነው። ቁልፉን አላቁት፣ ካልሆነ ማይኩን ንቀሉት።

«ቀዩ ቁልፍ አይሠራም»

ይህ በቻናል 70 የዲጂታል የጭንቅ ጥሪ የሚልክ ነው፤ የሚሠራው ኤምኤምኤስአይ የሚባል ባለ 9 አሃዝ መለያ ሲገባበት ነው። የኢትዮጵያ ጀልባ መለያ በ624 ይጀምራል። ያገለገለ ሬዲዮ ከገዛችሁ የድሮው ባለቤት ቁጥር ውስጡ ሊኖር ይችላል፣ ብዙዎቹ ደግሞ እንደገና ማስገባት አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አብርታችሁ እዩ። ቁልፉን ለሙከራ ብላችሁ አትጫኑት። በስህተት ከሄደባችሁም በቻናል 16 ስማችሁንና መለያችሁን ተናግራችሁ ጥሪው መሰረዙን አሳውቁ።

ሐይቁ ላይ ግን ዳር ያለው ሰው የያዘው ተራ የእጅ ሬዲዮ ከሆነ ቀዩ ቁልፍ ምንም አይነግረውም። በድምፅ ነው መጥራት ያለባችሁ፦ «ሜይዴይ» (የጭንቅ ጥሪ ቃል ነው) ሦስት ጊዜ፣ የጀልባው ስም፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንዳለ። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ የሚያዳምጠው ሰው በሚቀለው ቋንቋ ተናገሩ። ከዚያ ጣታችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ፤ ተጭናችሁ ሳለ መልሱን አትሰሙም።