ውጭ ሀገር ያለ ቤተሰባችሁ የሳይኬደሊክ ሕክምና ሲጀምር፦ ከጅማ ሆናችሁ እንዴት ታግዛላችሁ?

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ጅማ ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜ ሚኒሶታ የጭነት መኪና ይነዳል። ድብርት ለዓመታት አልለቀው ብሎ ነበር። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሞክሮ ሳይሻለው ሲቀር፣ ሐኪሙ በአፍንጫ የሚነፋ ኤስኬታሚን የሚባል መድኃኒት ከንግግር ሕክምና ጋር እንዲጀምር ነገረው። ደውሎ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ምንድነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ወይም እህታቸው ተመሳሳይ ሕክምና የጀመረችላቸው የጅማ ሰዎችም ይጠይቁኛል። እኛ ያደረግነውንና ለሌሎችም የምመክረውን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ መድኃኒቱን በስሙ እወቁት። «ሳይኬደሊክ» እየተባለ፣ ስሜትንና አስተሳሰብን ለጊዜው የሚለውጥ ብዙ የተለያየ ነገር አንድ ላይ ይጠራል። ኬታሚን በእኛም ሆስፒታሎች ለማደንዘዣ የምንጠቀምበት የቆየ መድኃኒት ነው። በአፍንጫ የሚወሰደው ዓይነቱ፣ ማለትም የወንድሜ ኤስኬታሚን፣ አሜሪካ ውስጥ ለድብርት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከእንጉዳይ የሚገኘው ሲሎሳይቢን እና በላቦራቶሪ የሚሠራው ኤምዲኤምኤ ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች (ሳይካትሪስቶች) እንዲያዟቸው ፈቅዳለች። አሜሪካ ደግሞ ኤምዲኤምኤን ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም ለማዋል የቀረበውን ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ሳትቀበል ቀርታለች።

ስለዚህ «ሕክምና ጀመርኩ» ሲሏችሁ የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ። ማን እንደሚሰጠው፣ ቦታው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። በሰው ሳሎን ወይም በጓደኛ ጓደኛ በኩል ከሆነ ይቅርብህ በሉት። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ይሄ ጥያቄ ነው፦ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግርህ ማነው? በትልልቆቹ የኤምዲኤምኤ ጥናቶች መድኃኒቱ የተሰጠው 3 ቀን ብቻ ነበር። ያለ መድኃኒት የሚደረገው የንግግር ክፍለ ጊዜ ግን 12 ነበር። ሦስቱ ለዝግጅት፣ የቀሩት ከእያንዳንዱ መድኃኒት በኋላ ሦስት ሦስት። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ቤተሰብ በጣም ወደሚፈለግበት ቦታ እንምጣ። ሐኪም ከመጀመሩ በፊት «በቤተሰባችሁ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ስኪዞፍሬኒያ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰዎች ያሳድዱኛል የሚያሰኝ ሕመም ነው፤ ባይፖላር ደግሞ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት። ሲሎሳይቢንን የመሰሉ መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም የተጋለጠን ሰው ሊያናውጡት ይችላሉ። ለኬታሚንም ቢሆን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ወንድሜ ፎርሙ ላይ «የለም» ብሎ ሊሞላ ነበር። ከየት ይወቅ? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም።

እናታችሁን «በዘራችን ያበደ አለ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው። እኔ እማዬን ቡና እየቆላች ነው የጠየቅኳት። «ከወገኖቻችን ጸበል ወይም ሼህ ጋ ተወስዶ የከረመ ሰው ነበር? ለብቻው የሚያወራ? ሌሊት ሌሊት ሳይተኛ እየዞረ ገንዘቡን የበተነ? የታሰረ?» መቁያውን ከእሳቱ ላይ አነሳችው። ከዚያ ስለ ታላቅ ወንድሟ ነገረችኝ። እኛ «ወፍ ነክቶት ነው የሞተው» ሲባል ነበር የምንሰማው። ለካ ከሰው ተለይቶ፣ ሰዎች ያሳድዱኛል እያለ፣ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ነው ዓመታት የኖረው። ይሄን ለወንድሜ ነገርኩት፤ እሱም ለሐኪሙ። ሐኪሙ የወንድሜን የራሱን ታሪክ በደንብ ከጠየቀ በኋላ ክትትሉን አጥብቆ ቀጠለ። ለሌላ ሰው ያው መልስ «አይሆንም» የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ ለክብር ብላችሁ አትደብቁ። መረጃው ያለው ጅማ፣ እናንተ ጋ ነው።

የደም ግፊትና የልብ ሕመምም ይነገር። የሚወሰደው መድኃኒት ሁሉ ይቆጠር፤ በሻንጣ የላካችሁለት የባህል መድኃኒትም ጭምር። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሲሎሳይቢን ሲጨምርበት የሚጥል ሕመም ሊመጣበት ይችላል። ጫትም አይረሳ። ኬታሚን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ጫትም እንደዚያው። የፈረንጅ ሐኪም ጫት ምን እንደሆነ ላያውቅ ስለሚችል፣ የሚቅመው ሰው ራሱ አነቃቂ ነገር መሆኑን ያስረዳ።

ስለ ሕክምናው ቀን ብዙ አልልም፤ ክሊኒኩ ይነግራቸዋል። ኤስኬታሚን ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ምግብ፣ 30 ደቂቃ በፊት ፈሳሽ ይቆማል። ከዚያ ግፊት እየተለካ ቢያንስ 2 ሰዓት እዚያው ይቆያል። በደንብ ተኝቶ እስኪያድር መኪና አይነካም። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት 2 ጊዜ ነው የሚሰጠው። ለሹፌር ይሄ ማለት ከሥራ መቅረት ነው። ስለዚህ በዚያ ወር ለሠርግ፣ ለቤት እድሳት ብላችሁ ብር ላክ አትበሉት። እኛ ቤት ይሄን ለማስረዳት ሰፈሩን ሁሉ ማግባባት ነበረብኝ፤ ግን አገዘው።

እህታችሁ ከሆነች አንድ ነገር ጨምሩ። በሲሎሳይቢንም ሆነ በኤምዲኤምኤ ሰው ለሰዓታት ራሱን መከላከል በማይችልበት ሁኔታ ላይ ነው። ጥናት ላይ ሳይቀር ከታካሚያቸው ጋር የአካል ድንበር የጣሱ ቴራፒስቶች (የንግግር ሕክምና ሰጪዎች) ታይተዋል። እጅ መያዝ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር እንደሆነ አስቀድማ ትነጋገር።

ጅማ ላይ ምርቃናን የማያውቅ የለም። በርጫ ላይ ፎቅ ይሠራል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፤ ሲነጋ ግን ሁሉም የለም። መድኃኒቱ የገለጠው ነገርም ካልተነጋገሩበት እንደዚያው ነው የሚተነው። ወንድሜ ላይ የመጣው የአባታችን ቀብር ነው። መርዶውን ዘግይተን ነው ያረዳነው፤ መምጣትም አልቻለም ነበር። በሕክምናው መሀል ያለቀሰው በኦሮምኛ ነው፤ ልክ ከአባባ ጋር እንደሚያወራው። ቴራፒስቱ አልገባውም፤ ግን አላቋረጠውም። መጀመሪያ በራስህ ቋንቋ ጨርስ፣ ከዚያ ታስረዳኛለህ ብሎት ስለነበር። የእናንተም ሰው ይሄን ቀድሞ ይጠይቅ።

ከቴራፒስቱ ጋር ተመካክሮ እማዬ ጋ ደወለ። እሷም ቀብሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችለት። ድንኳኑ የት እንደተተከለ፣ ከዕድሩ ማን ማን እንደመጣ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ እንደጣለ፣ የእሱን ስም ጠርታ እንዳለቀሰች። እኔ ዝም ብዬ ስልኩን ያዝኩላት። ከእናንተ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ነገር ነው። «ምን አየህ?» እያላችሁ አትመርምሩት፣ ያየውንም አትፍቱለት። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሰው ማግኘት መጀመሩን ጠይቁ። ትዳር መፍታት ወይም ሥራ መልቀቅ ካማረው ጥቂት ሳምንት ይቆይ በሉት። የነገራችሁን ለጎረቤት አታውሩ። ቀናት ሙሉ ሳይተኛ በጉልበት ከተሞላ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ ወይም ስለ ሞት ካወራ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪሙ ጋ እንዲደውል አድርጉ።

«እዚህስ አናገኝም?» የሚሉኝ አሉ። ሲሎሳይቢንና ኤምዲኤምኤ እ.ኤ.አ. በ1971 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ናቸው። እዚህ በሕግ የሚሰጣችሁ የለም። ኬታሚንን ከሚያውቁት ባለሙያ በጓሮ ማግኘትም አደጋ ነው፤ ሲደጋገም ፊኛን ይጎዳል። የጫካ እንጉዳይ ውስጥ ጉበት የሚያጠፋ አለ። አስተናግር ደግሞ ፈጽሞ ከዚህ ሕክምና ጋር አይገናኝም። ልብ ያስሮጣል፣ ያስቀባጥራል፣ ይገድላል።

የንግግር ሕክምናው ግማሽ ግን እዚሁ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሳይካትሪ ክፍል አለው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። የቤተሰባችሁን ታሪክ የሚያውቅ አንድ ሰው አብሯችሁ ይምጣ። ወረፋ ስለሚኖር በጠዋት ውጡ። በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ መናገር የምትፈልጉትንም ገና ስትገቡ ተናገሩ።