አሮጌ ወይስ አዲስ? ውጭ አገር ለሚደርሱ ወገኖች ስለ ትንሽ መኪና የነዳጅ ፍጆታ

ይህን የምጽፈው ለዕረፍት መጥቼ፣ በጅማ ከተማ አጂፕ አካባቢ በሚገኘው የአክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። የጎረቤታችን ልጅ የዲቪ ቪዛው ተመትቶለት ለጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ትናንት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ ሲያመነታበት የቆየውን ጥያቄ አወጣው። «ጋሼ፣ እዚያ ስደርስ አሮጌ መኪና ልግዛ ወይስ አዲስ? አሮጌ ቤንዚን ትጨርሳለች ይሉኛል» አለኝ። እኔም «በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር የምትነዳ ይመስልሃል?» ብዬ መለስኩለት፤ ጥያቄውን በጥያቄ መመለሴ እንዳላስደሰተው ከፊቱ አነበብኩ። ይሁን እንጂ ለእሱም ሆነ እንደ እሱ ሻንጣውን ለሚሸክፍ ሰው ሁሉ መልሱ የሚመነጨው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የመለኪያውን ነገር እንጨርስ። እኛ አገር ስለ መኪና የሚጠይቅ ሰው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይላል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚነገረው በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደምትሄድ ነው። አንድ የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር፣ አንድ ማይል ደግሞ 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ የተነገራችሁን የማይል ቁጥር በ0.425 ብታባዙት በሊትር የሚኬደውን ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ፤ በጋሎን 29 ማይል የተባለች መኪና በሊትር 12.3 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ማለት ነው። እንግሊዝ አገር የሚደርስ ሰው እዚያም ማይልና ጋሎን ሲባል ሰምቶ እንዳይሳሳት፤ የእንግሊዝ ጋሎን 4.546 ሊትር በመሆኑ ያቺው መኪና ምንም ሳትለወጥ በ20 ከመቶ የተሻለች መስላ ትታያለች። በካናዳና በአብዛኛው አውሮፓ የሚነገረው ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ሊትር ነውና እዚያ የሚመረጠው ትንሹ ቁጥር ነው። የሞዴል ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። እኔ በ2004 ዓ.ም. እንደደረስኩ «2004 ሞዴል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ፣ የዘንድሮ መኪና በዚህ ዋጋ እንዴት ይሸጣል ብዬ ለአንድ ቀን ያህል በደስታ ሰክሬ ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንገባ፣ ጅማም ውስጥ በዲኤክስነቷ የማያውቃት ስለሌለ ኮሮላን ለንጽጽር እወስዳለሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት የ2008 ኮሮላ የከተማውና የአውራ ጎዳናው ጉዞ ተዳምሮ በጋሎን 29 ማይል ትሄዳለች። ባለ 1.8 ሊትር ሞተሯ የ2020 ኮሮላ 33፣ ባለ 2.0 ሊትሯ የ2023 ኮሮላ ደግሞ 35 ማይል ይሄዳሉ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የታየው ለውጥ በጋሎን 6 ማይል ብቻ ነው።

ይህን ወደ ገንዘብ እንለውጠው። አንድ ሰው በዓመት 10,000 ማይል ቢነዳ፣ የ2008ቷ 345፣ የ2023ቷ ደግሞ 286 ጋሎን ይፈልጋሉ፤ ልዩነቱ 59 ጋሎን ነው። ጋሎኑ ሦስት ዶላር ተኩል ነው ብንል በዓመት የሚተርፈው 207 ዶላር ገደማ ይሆናል። አሮጌዋ በ6,000፣ አዲሷ በ18,000 ዶላር ብትገኝ፣ የ12,000 ዶላሩን ልዩነት በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ለመመለስ 58 ዓመት ያስፈልጋል። አዲሷ በብድር የምትገዛ ከሆነ፣ የብድር ታሪክ ለሌለው አዲስ መጤ የሚጫንበት ወለድና አበዳሪው የሚያስገድደው ሙሉ የኢንሹራንስ ሽፋን ይህን ቁጠባ በጥቂት ወራት ውስጥ ይውጡታል። አዲስ መኪና ለመግዛት ሌላ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ኤርባጉና ፍሬኑ በእኔ ግምት ከነዳጁ ይልቅ የሚያሳምኑ ናቸው። «ቤንዚን ስለማትበላ ገዛኋት» የሚለውን ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ከሻጭ አፍ ነው።

ሞተሮች እንዲህ እየተሻሻሉ ፍጆታው ለምን በዚያው ልክ አልቀነሰም የሚል አንባቢ ይኖራል። መኪናዎቹ ከበዱ። በ1972 የወጣችው የመጀመሪያዋ ሆንዳ ሲቪክ 700 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ነበረች፤ የዛሬዋ ሲቪክ 1,300 ኪሎ ግራም አካባቢ ትደርሳለች። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ትሸጥ የነበረችው ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ጂኦ ሜትሮ፣ ኤክስኤፍአይ በሚባለው ዓይነቷ፣ በዘመኑ መለኪያ ከተማ ውስጥ 53፣ በአውራ ጎዳና 58 ማይል ተጽፎላት ነበር፤ ይህን ያስቻላት ከ800 ኪሎ ግራም በታች መመዘኗ እንጂ ረቀቅ ያለ ቴክኖሎጂ አይደለም። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የፊት ኤርባጎች ከ1998 ሞዴል፣ መኪና እንዳትንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት ደግሞ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኑ፤ የግጭትን ኃይል የሚቋቋም አካል፣ የድምፅ መከላከያና ሰፊ ጎማም ተጨመሩ። የተሻሻለው ሞተር ያተረፈው ነዳጅ በከፊል የዋለው ይህን ክብደት ለመሸከም ነው።

እውነተኛው ዝላይ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው፣ ትልቅ መኪና ትቶ ትንሽ መያዝ ነው። በርካሽ ስላገኛት ብቻ በጋሎን 15 ማይል የምትሄድ አሮጌ ትልቅ መኪና የያዘ ሰው፣ በ10,000 ማይል 667 ጋሎን ያቃጥላል፤ እሷን ሽጦ ያችኑ የ2008 ኮሮላ ቢገዛ 322 ጋሎን ያተርፋል፤ ይህም ከአሮጌ ትንሽ ወደ አዲስ ትንሽ በመሻገር ከሚገኘው ቁጠባ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ሃይብሪድ፣ ማለትም ከቤንዚን ሞተሯ ጋር በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተርም ያላት መኪና ነው። የ2020 ኮሮላ ሃይብሪድ በጋሎን 52 ማይል ስለምትሄድ ለ10,000 ማይል 192 ጋሎን ይበቃታል። በፍሬን ጊዜ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ ስለምትመልስና በቆመች ጊዜ ሞተሯን ስለምታጠፋ፣ ጥቅሟ ጎልቶ የሚታየው መንገድ በሚዘጋጋበት ከተማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የማይሉን ቁጥር አስቀድሜ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ምግብ በማድረስ ወይም ሰው በማመላለስ ሥራ ተሰማርቶ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው፣ ከ2008ቷ ኮሮላ ወደ ሃይብሪዷ ቢሻገር 610 ጋሎን፣ በያዝነው ዋጋ ከ2,100 ዶላር በላይ ያተርፋል፤ ለእሱ አዲሷ በእርግጥ ታዋጣለች። ለመጋዘን ሥራና ለገበያ ብቻ የሚነዳው ግን ያንኑ ምክር ሰምቶ ቢገዛ ይከስራል። ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው የትልቁን ባትሪ ጤንነት በዚያ ሙያ በሠለጠነ መካኒክ ሳያስፈትሽ ገንዘቡን አይቁጠር።

አሮጌ መኪና ስትመለከቱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤጀንሲው ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የመለኪያ ዘዴውን ለውጦ ፈጣን ጉዞን፣ የአየር ማቀዝቀዣንና የቅዝቃዜን ተፅዕኖ ጨምሯል። በዚህም የተነሣ፣ ለምሳሌ የ2004 ፕሪየስ ስትሸጥ የተለጠፈባት ቁጥር በከተማ 60፣ በአውራ ጎዳና 51 የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ ዘዴ ተሰልቶ ወደ 48 እና 45 ወርዷል። ሻጩ የድሮውን ወረቀት ቢያሳያችሁ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን እያነጻጸራችሁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ነዳጅ ፍጆታ ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ከ1984 ሞዴል ጀምሮ ያሉ መኪናዎች በአዲሱ ስሌት ስለሚገኙ ከዚያ መመልከት ይሻላል። አውሮፓም ውስጥ ከ2017 ጀምሮ መለኪያው ስለተቀየረ፣ ከዚያ በፊት የተጻፉት ቁጥሮች ከእውነተኛው ጉዞ ይበልጥ የራቁ ናቸው።

ወረቀቱ ምንም ቢል፣ የአሮጌ መኪናን ፍጆታ የሚወስነው ጤንነቷ ነው። የመጀመሪያዋ መኪናዬ ኮሮላ ነበረች፤ 29 ማይል ትሄዳለች ተብሎ፣ ኅዳር ወር ላይ በማስታወሻዬ ሳሰላው 22 ብቻ መጣ። አንድ መካኒክ ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን ለውጦ ገንዘቤን ተቀበለኝ፤ ቁጥሩ ግን ፍንክች አላለም። ልብ ያላልኩት ነገር ዓይኔ ሥር ነበር፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ግማሽ ሰዓት ነድቼም መሐል አይደርስም፣ ማሞቂያውም ለብ ያለ አየር ብቻ ስለሚነፋ ባለቤቴ ጋቢ ደርባ ትሳፈር ነበር። ሌላ ባለሙያ ገና ይህን እንደነገርኩት ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ ዘግቶ የሚይዘው ዕቃ፣ ተከፍቶ መቅረቱን ዐወቀ፤ ከካፖርት ቁልፍ ብዙም የማትበልጠው ክዳኗ እንደተንጋጠጠች አውጥቶ አሳየኝ። በተለወጠ በሚቀጥለው ሙሌት 27 መጣ። ሞተሩ ስለማይሞቅ፣ ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሣ ቀዝቃዛ ሞተር እየቆጠረው ቤንዚን ይጨምርለት ኖሯል። ይህን በተለይ የምናገረው እኛ አገር ሞተር በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል የተለመደ መፍትሔ ስለሆነ ነው፤ በበረዶ አገር ይህ የነዳጅም የሞተርም ጠላት ነው።

የአየር ማጣሪያውን፣ ጋራዥ ውስጥ ዲፕራተር የምንለውን፣ በተመለከተም ከአገር ቤት ይዘነው የምንሄደው እምነት አለ። በካርቡሬተር በሚሠሩ የድሮ መኪናዎች የተደፈነ ማጣሪያ በእርግጥ ነዳጅ ያስበላል። ነዳጁ በኮምፒውተር በሚረጭባቸው መኪናዎች ላይ ግን ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ነዳጁን ስለሚመጥን፣ የሚጎዳው ጉልበቷ እንጂ ፍጆታዋ አይደለም። ፍጆታን በእጅጉ የሚያበላሸው የኦክስጅን ሴንሰር፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የሚለካለት ዕቃ፣ መበላሸት ነው፤ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት በርቶ የሚነዳ ሰው በየሙሌቱ ሊከፍልበት ይችላል። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ መኪናዎች ሁሉ የስሕተት ኮዳቸው በአንድ ዓይነት ሶኬት ስለሚነበብ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ማስነበብ ቀላል ነው። የጎማ ነፋስም በየወሩ መለካት አለበት፤ ብርድ ሲገባ በራሱ ይቀንሳልና። ሬጉላር የሚባለው ተራ ቤንዚን የሚበቃት መኪና ላይ ውዱን ቤንዚን መቅዳት አንዳች ትርፍ የለውም።

ቅዝቃዜው ራሱ ለጅማ ልጅ አዲስ ነገር ነው። የአየሩ ሙቀት ከ25 ወደ ዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲወርድ፣ የቤንዚን መኪና በከተማ ጉዞ 15 ከመቶ ያህል ርቀት ታጣለች፤ ጉዞው አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ጉድለቱ 24 ከመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ሃይብሪድም ከዚህ የባሰ እንጂ ያነሰ አትጎዳም። ስለዚህ ጥር ላይ ቁጥሩ ቢወርድ ወዲያው ወደ መካኒክ አትሩጡ። በአውራ ጎዳና ደግሞ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ፍጆታው በፍጥነት ያሻቅባል።

ልኬቱ ራሱ ብዕርና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። ሰልባትዮውን ሙሉ ሞልታችሁ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ ነድታችሁ እንደገና ስትሞሉ፣ የተጓዛችሁትን ርቀት ለሁለተኛ ጊዜ ለገባው ነዳጅ ታካፍላላችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ይህን ሲሰማ ዛሬ ጠዋት የአጎቱን ቪትዝ ለመነ፤ ማደያ ተሰልፎ ሞላት፣ አጋሮ ደርሶ ተመለሰ፣ እንደገና ተሰልፎ ሞላት። በሲጋራ ወረቀት ጀርባ የጻፈውን ይዞልኝ መጣ፦ 91 ኪሎ ሜትር፣ 6.8 ሊትር። ስናካፍለው በሊትር 13.4 ኪሎ ሜትር፣ ወደ አሜሪካው መለኪያ ሲመለስ በጋሎን 31 ማይል ተኩል ሆነ። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «ጋሼ፣ ይቺ ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ከ2020ዋ ኮሮላ በማይል ተኩል ብቻ ነው የምታንሰው?» አለኝ። አንድ ጉዞ ማስረጃ እንደማይሆን፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለካት እንዳለበት ነገርኩት፤ አጎቱ ግን ለነገ ቁልፉን የሚሰጠው አይመስልም።