ግሉተን የማይስማማው ሰው ጅማ ላይ ምን ይብላ?

ሴሊያክ፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለኑሮ ከውጭ አገር ወደ ጅማ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አይዞህ፣ አገሩ የጤፍ አገር ነው» የሚል ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ጤፉ ከአውድማ እስከ ምጣድ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ጆንያው አምና ስንዴ ይዞ ነበር፣ ወፍጮው ጠዋት ገብስ ሲፈጭ ውሏል፣ እርሾው ደግሞ ከጎረቤት የመጣ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበት ምግብ ነው። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ውስጥ ሩብ ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት ከገባ ይህ ልክ ይታለፋል። ሩብ ግራም ማለት ቁንጥር እንኳ የማይሞላ ነው።

ሳይመረመር ሆዱን ስላመመው ብቻ ስንዴ ያቆመ ሰው ካለ አስቀድሞ ሐኪም ቤት ይሂድ። የደም ምርመራው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚፈልግ፣ ምግቡን ካቆሙ በኋላ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ከገበያ

ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። የተፈጨ ዱቄት አትግዙ፤ ጤፉን በፍሬው ግዙ። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በጥቅጥቅ ወንፊት ሲነፋ ያልፋል፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀራል። የተፈጨ ከሆነ ግን ማንም ሊለየው አይችልም። ነጭ፣ ሰርገኛ ወይም ቀይ መሆኑ በግሉተን በኩል ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ ለነጩ ተጨማሪ ብር የምታወጡት ለመልኩ ብቻ ነው።

ነጋዴው አንዱን ጣሳ ለጤፍም ለስንዴም ይሰፍርበታል። አዲስ ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተከፈተው ክምር ሳይሆን ካልተፈታው ጆንያ ይሰፈርላችሁ። ከተቻለ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ ኩንታሉን ከነጆንያው አንሱ። ሻጩ የገጠር ሰው ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ጠይቁ፦ ጤፍ «ጣፊ»፣ ስንዴ «ቀመዲ»፣ ገብስ «ገርቡ» ነው።

በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሩዝ ግሉተን የላቸውም። ስለዚህ እንጀራ ጋጋሪዋ በቆሎ ወይም ማሽላ ቀላቀለች ብላችሁ አትሸበሩ፤ የሚያስፈራው ገብስና ፉርኖ ዱቄት ነው። አጃ የሚባለውን ግን ጨርሶ ተዉት። በዚህ ስም የሚሸጠው አንዳንዴ የስንዴ ዘር ነው፤ ሲናር የሚባለው ቢሆን እንኳ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የበቀለ ሊሆን ይችላል።

የጅማ አካባቢ ትልቁ ጸጋ ሥራሥሩ ነው። ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ድንች፣ ቆጮና ቡላ ወፍጮ ቤት ሳይደርሱ ሆድ ይሞላሉ። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፤ ልጣጩን ወፍራም አድርጋችሁ ላጡ፣ ሹካ ያለ ትግል እስኪገባ ቀቅሉ፣ ውኃውን ድፉ። ቡላ በዱቄት መልክ ሳይሆን እርጥቡን ግዙ፤ ደረቁን በሌላ ዱቄት ማብዛት ቀላል ነው። የቡላ ገንፎ የገብሱን ገንፎ አያስናፍቅም፤ ቅቤው ካልተቆጠበ።

ወፍጮ ቤት

አብዛኛው ሰው የሚታመመው እዚህ በተበላሸ ዱቄት ነው። ብዙ ወፍጮ ቤት ከአንድ በላይ ወፍጮ አለው፤ ለጤፍ ብቻ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። እሱም ቢሆን ወረፋ ሲበዛ ስንዴ ይገባበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ኪሎ ያህል በቆሎ ወይም ከራሳችሁ ጤፍ አስፈጭታችሁ ለብቻ አውጡ፤ ያ ዱቄት ድንጋዩ ላይ የቀረውን ጠራርጎ የሚወጣ ነውና ለማይታመም የቤተሰብ አባል ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚወርደው የእናንተ ነው።

ድንጋዩን አጥርተው የሚረሱት ነገር አለ፤ ዱቄቱ የሚወርድበት ጨርቅ። ጨርቁ በየስፌቱ የወራት ዱቄት ይዟል፤ ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ ያራግፈዋል። የራሳችሁን ጨርቅ አሰፉና ወፍጮኛው እንዲቀይርላችሁ ተስማሙ፤ ትንሽ ጉርሻ ብር ካለ እምቢ አይልም። በሽተኛው ራሱ ወፍጮ ቤት ገብቶ አይቆም። በአየሩ ላይ ያለው ብናኝ አፍና ጉሮሮ ላይ አርፎ ይዋጣል።

በየሳምንቱ ከመመላለስ አንዴ 25 ኪሎ ማስፈጨት ይሻላል፤ አደጋውም በወር አንዴ ይሆናል። ዱቄቱን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አስቀምጡ፤ የጅማ ክረምት እርጥበቱ ዱቄት ያሻግታል።

እርሾና ምጣድ

የተለመደው እርሾ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ማን ምን እንደቀላቀለበት አይታወቅም። አዲስ ማስጀመር ከባድ አይደለም። ግማሽ ኪሎ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በሦስት ሩብ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አቡክታችሁ ከድኑት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል፣ ቢጫ ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል። ሮዝ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁበት አትግፈፉት፤ ሙሉውን ድፉት።

ከዚያ ሁለት ኪሎ ዱቄት በሁለት ሊትር ውኃ አቡኩ፣ ከእርሾው ሁለት ኩባያ ጨምሩ፣ ሁለት ቀን አቆዩት። ላዩ ላይ የቆመውን ውኃ ቀንሱ። ለአብሲቱ ከሊጡ ሁለት ኩባያ በአራት ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩና እስኪወፍር አብስሉ፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሱ። ሰዓት ተኩል ገደማ ቆይቶ ኩፍ ሲል ይጋገራል። እንጀራው አይን ካላወጣ አብዛኛውን ጊዜ አብሲቱ ትኩስ ሆኖ ገብቶ እርሾውን ገድሎታል፣ ወይም ሊጡ ገና አፍለኛ ነው። ከአዲስ እርሾ የሚወጣው የመጀመሪያው ጋገራ መቼም አያምርም፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው በኋላ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ለጋጋሪዋ አስቀድማችሁ ንገሯት፦ ሊጡ ሲዘገይ ፉርኖ ዱቄት ጣል የማድረግ ልማድ ካላት እዚህ ቤት አይሠራም። ለክፋት አይደለም የምታደርገው፤ እንጀራው እንዲያምርላችሁ ነው። ስለዚህ «አታድርጊ» ከማለት ይልቅ ምን እንደሚያስከትል ንገሯት።

የሸክላ ምጣድ ይመጥጣል፤ የስንዴ ቂጣ የተጋገረበትን በማጠብ ማንጻት አይቻልም። አዲስ ግዙና በጎመንዘር አሟሹት። ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ ወንፊቱም አዲስ ይሁን። ስፌት ዕቃ ውስጥ የገባ ዱቄት አይወጣም። ብረት ድስትና ማማሰያ ግን በደንብ ከታጠበ ይበቃል፤ ቤቱን ሁሉ መጣል አያስፈልግም።

ሽሮና በርበሬ በራሳቸው አይጎዱም፣ መንገዳቸው ግን ያው ወፍጮ ነው። ሽንብራውን ወይም አተሩን ቤት ቆልታችሁ ከጤፉ ቀጥሎ በዚያው ቀን አስፈጩ፤ የጠራውን ወፍጮ ሳትለቁ።

ቡናና መጠጥ

ጅማ ተቀምጦ የተፈጨ ቡና መግዛት ነውር ነው፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ደግሞ አደጋም አለው፣ በተቆላ ገብስ የሚያበዙት አሉና። ጥሬውን ግዙ። ሰው ቤት ስትጋበዙ የምታዩት ግን የቡና መቁያውን ነው፤ ብዙ ቤት የገብስ ቆሎ የሚቆላው በዚያው ብረት ምጣድ ነው። ቡና ቁርሱ የሽንብራ ቆሎ ቢሆንም ከገብሱ ጋር በአንድ ሳህን ከቀረበ አይነካም። በዚህ ሕመም የደም ማነስ ስለሚበዛ ቡናውን ከምግብ በኋላ ሰዓት ያህል አዘግዩት፤ ወዲያው ከተጠጣ ብረት ከምግቡ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።

ጠላ፣ ቢራ፣ በሶ፣ ሻሜታ አይሆኑም። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው በቀሪቦ ነው፤ አልኮል ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል፣ መነሻው ግን የተቆላ ገብስ ነው። ብርዝ ይጠጣል። ጠጅም ማርና ጌሾ ነው፤ ጋኑ የጠላ ጋን እንዳልሆነ ብቻ ጠይቁ።

ምግብ ቤትና ግብዣ

«አለርጂ አለብኝ» ማለት ብዙ አይጠቅም፤ አስተናጋጁ ሚጥሚጣ መቀነስ ይመስለዋል። ወረቀት ላይ እንዲህ ጽፋችሁ ለምግብ አብሳዩ አሳዩ፦ «ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ ወይም ብቅል ምግቤን በትንሹ እንኳ ከነካው እታመማለሁ። እባክዎ በንጹሕ መጥበሻና በንጹሕ ቢላ ይሥሩልኝ።»

የራስን እንጀራ በላስቲክ ይዞ መግባት አያስነውርም፤ ጥብስ ወይም ክትፎ አዝዛችሁ በራሳችሁ እንጀራ ብሉ። ዓሣ ጥብስ ፉርኖ ዱቄት ውስጥ ተለውሶ ነው የሚጠበሰው፤ ሳይለወስ ቢሉትም ዘይቱ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ነው፣ የድንች ጥብሱም እንዲሁ። ፍርፍር ከማን እንጀራ እንደተሠራ ስለማይታወቅ ይለፈን ማለት ነው።

ግብዣ ላይ ከባዱ ጉርሻ ነው። ዳቦ ሲቆርስ የነበረ እጅ በፍቅር ተጠቅልሎ ሲመጣ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ከመቀመጣችሁ በፊት ለቤቱ እመቤት ለብቻዋ ንገሯት፣ የራሳችሁን ሳህን ጠይቁ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይከበራል። የቀረውን እሷ ትመልስላችኋለች።

ሌላ ዓይነት ገደብ ላለባቸው ነገሩ ቀለል ይላል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ለሚርቅ ሰው ረቡዕ፣ ዓርብና 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ይመቹታል፤ በሌላው ቀን ግን ሽሮው እንኳ ቅቤ ስለሚገባበት ከማዘዝ በፊት ይጠየቅ። የወተት ስኳር ለማይስማማው እርጎና አይብ ከጥሬ ወተት የተሻሉ ናቸው፣ ንጥር ቅቤም ብዙም አያውክም፤ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ግን ሦስቱም አይሆኑም። ለውዝ የሚያሳምመው ሰው ደግሞ ከቆሎ ነጋዴ ምንም አይግዛ፤ ማንኪያው አንድ ነው።

ለመንገድ፣ ወደ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቤት የተጋገረ እንጀራ ድርቆሽ አዘጋጁ። እንጀራውን ቆራርሳችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፀሐይ አስጡ፤ በክረምት ፀሐይ ስለማይበቃ በለዘብታ እሳት ምጣድ ላይ አድርቁት። ሲሰበር ቀጭ ካላለ እርጥበት አለው ማለት ነው፣ ይሻግታል። በደንብ የደረቀው በቆርቆሮ ተከድኖ ወራት ይቆያል፤ በደረሳችሁበት ሙቅ ውኃና የራሳችሁ በርበሬ ብቻ ይበቃዋል።