ቀለሃውን ከመሙላታችሁ በፊት በሽቦ ዳብሱት

የጠመንጃ ጥይት በቤት መልሶ መሙላት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ይቆይ። ሕጉ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ከቀለሃው፣ ማለትም ባሩዱን ከሚይዘው የጥይት ቀፎ ጀምሩ።

ቀለሃ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳም እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ አንዳንዴ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይታያል፣ አንዳንዴ ምንም የለም። ስለዚህ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርጉና ጫፉን ትንሽ አጥፉት። ወደ ውስጥ አስገቡና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳበሳችሁ ጎትቱት። ጫፉ ጎድጓዳ ነገር ላይ ከያዘ ያ ቀለሃ አለቀለት። አትሳሱለት፤ ጣሉት። ጠመንጃው ውስጥ ለሁለት ቢበጠስ ትኩስ ጋዝ ወደ ፊታችሁ ሊመጣ ይችላል። አፉ የተሰነጠቀም ያው ነው።

ስለ ባሩድ ደግሞ፣ ልኩን ከታተመ መመሪያ እንጂ ከወዳጅ አፍ አትውሰዱ። ጀማሪ ከዝቅተኛው ልክ ይነሳል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር። ሚዛናችሁንም እዩት፤ ብዙ መመሪያዎች የሚጽፉት በግሬን ነው፣ 1 ግሬን ደግሞ 0.065 ግራም ገደማ ናት። ሚዛኑ ግራም ላይ ተረስቶ ከሆነ ጉድ ነው!

እርሳሱን፣ ማለትም ከጠመንጃው ተተኩሶ የሚወጣውን የጥይት ጫፍ፣ ከመግጠማችሁ በፊት ቀለሃዎቹን ደርድራችሁ በባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ባሩዱ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ካለ ገልብጡትና እንደገና መዝኑ። ስልክ ከተደወለ? ይጥራ።