በአሮጌው ሽቦ አዲሱን መሳብ

በድሬዳዋ ከዚራ ባሉ አሮጌ ቤቶች ለኤሲና ለኤሌክትሪክ ምጣድ ብላችሁ መስመር የምትቀይሩ ሁሉ፣ ግድግዳ ከማስፈልፈላችሁ በፊት አሮጌው ሽቦ በቱቦ ውስጥ ያለፈ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሆነ አዲሱን ሽቦ በእርሱ መሳብ ይቻላል። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ በቴስተር ከፈተሻችሁ በኋላ፣ የአዲሶቹን ሦስት ሽቦዎች ጫፍ አበላልጣችሁ ቁረጡና ከአሮጌው ጫፍ ጋር ቆልፋችሁ በቴፕ ጠቅልሏቸው፤ መጋጠሚያው ቀጭን ስለሚሆን በቱቦው መታጠፊያ ሳይያዝ ያልፋል። አንዱ ሰው አሮጌውን ሽቦ ሲስብ ሌላው ሰው ከወዲያ በኩል አዲሶቹን እየገፋ ያቀብል። ከአዲሶቹ ሽቦዎች ሦስተኛው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እርሱ ስለሆነ ፈጽሞ እንዳይቀር። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ ከብሬከር በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ያስፈልገዋል። አሮጌው ሽቦ ያለ ቱቦ በልስን ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ግን አትጎትቱት፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በግድግዳው ላይ አዲስ መስመር ይዘርጋ።