የኮይልና የካንዴላ ስህተቶች፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት የቤንዚን ሞተር መቆራረጥ ሲጀምር በብዙ ጋራዥ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ኮይሉ ሞቷል፣ ይቀየር»። ኮይል ለእሳቱ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ዕቃ ነው፤ ካንዴላ ደግሞ በዚያ እሳት ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ቤንዚን የሚያቀጣጥለው ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኮይሉን ምን ገደለው የሚለው ግን አይጠየቅም። አዲሱ ይገጠማል፣ ባለመኪናው ይከፍላል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም ያንኑ በሽታ ይዞ ይመለሳል። ገንዘቡ የሚወጣው በዚያች መኪና ቤተሰብ ከሚያስተዳድር ሰው ኪስ ስለሆነ ነገሩ ያንገበግበኛል። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ መስመር ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች ናቸው። የናፍታ መኪና የሚነዳ ሰው ግን ሞተሩ ቢቆራረጥ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ ናፍታ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ሞተሩ ኮይል የለውም።

እሳቱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሲገባ ነው ብሎ ማሰብ

ኮይል በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ነው። አንደኛው ወፍራም ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር አለው፤ ሁለተኛው እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ዙሩ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የሞተሩ ኮምፒውተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ወፍራሙ ሽቦ ሲለቅ ካንዴላው ላይ ምንም አይታይም። ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ እምብርቱ መግነጢሳዊ ኃይል ያጠራቅማል። እሳቱ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ያንን ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቆርጠው ነው። የተጠራቀመው መስክ ሲፈርስ በወፍራሙ ሽቦ ላይ 300 ወይም 400 ቮልት ይፈጠራል፤ ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ በዙሩ ብልጫ ልክ መቶ እጥፍ ገደማ አባዝቶ 30,000 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ይህን የተፈጥሮ ሕግ በአውሮፓውያኑ 1831 ካሳየ ወዲህ መሠረቱ ያው ነው። በድሮ መኪኖች ቆራጩ ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያለ መገናኛ ነበር፤ ዛሬ ትራንዚስተር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ጠዋት ጠዋት ብቻ ለሚያስቸግር መኪና መጀመሪያ ኮይል አይገዛም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጥል የባትሪው ጉልበት ይወርዳል፤ የሞተሩም ዘይት ስለሚወፍር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከወትሮው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ላይ የሚለካው ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ኮይሉ በቂ ኃይል ሳያጠራቅም ሊቆረጥና እሳቱ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ የባትሪውን ራሶች ከዝገት ያጽዱ፤ ወደ ቦዲና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን አሉታዊ ገመድ ያጥብቁ፤ ከዚያ ይለኩ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ትንሽ ጊዜ፣ አንድ ቁልፍና የቮልት መለኪያ ነው።

ካንዴላውን ትቶ ኮይሉን ብቻ መቀየር

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው ኮይል ሁልጊዜ 30,000 ቮልት የሚያወጣ ይመስለዋል። ቮልቱ ከፍ የሚለው ግን በካንዴላው ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለመዝለል እስኪበቃ ድረስ ብቻ ነው፤ እሳቱ እንደዘለለ መጨመሩን ያቆማል። ደህና ሞተር ያለ ጭነት ሲዞር 10,000 ቮልት አካባቢ ሊበቃው ይችላል። ኮይሉ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስነው እንግዲህ ካንዴላው ነው።

ካንዴላ ሲያረጅ ጫፉ ይበላል። ሹል የነበረው ጠርዝ ይሟልጣል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 0.8 ወይም 1.1 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ይሰፋል። ሁለቱም ለውጦች ኮይሉን ተጨማሪ ቮልት ያስጠይቁታል፤ ኮይሉም የተጠየቀውን እየሰጠ ወራት ይቆያል። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ የኮይሉን የውስጥ መከላከያ ወይም ካንዴላውን የሚያቅፈውን ጎማ በስቶ ወደ ሞተሩ ብረት መውረድ ይቀለዋል። አንዴ የተበሳ መከላከያ አይድንም። በጎማው ውስጥ ወይም በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ተቃጥሎ ይቀራል፤ የሚቀጥለው እሳትም ያንኑ መስመር ይከተላል።

መኪናው ከተፈታ አይቀር ካንዴላውን አውጥተው በብርሃን ያገላብጡት። ሸክላው ላይ ጥቁር መስመር ካለ፣ ኮይሉ አዲስ ቢሆንም ያንን ካንዴላ መልሰው አይግጠሙ፤ አዲሱን ጎማም በዚያው መስመር በኩል ያቃጥለዋል። ተራው የኒኬል ካንዴላ በብዙ አምራቾች መመሪያ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የኢሪዲየሙ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ችግሩ እኛ የምንነዳቸው መኪኖች ብዙዎቹ ያገለገሉ ሆነው የገቡ መሆናቸው ነው። ካንዴላው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት የለም። መኪና በገዙ ሰሞን ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጥቶ ማየት፣ ካስፈለገም አራቱንም አንድ ላይ መቀየር ኮይሎቹን ያተርፋል።

እሳቱን በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት

ካንዴላው ይፈታል፣ ኮይሉ ላይ ይሰካል፣ ብረት ላይ ይደገፋል፣ ሞተሪኖ ይመታል። ሰማያዊ እሳት ይታያል፤ ፍርዱም ያልቃል። ይህ ፈተና የሚነግረን ኮይሉ ጨርሶ አለመሞቱን ብቻ ነው። በክፍት አየር 1 ሚሊ ሜትር ለመዝለል ከ3,000 እስከ 4,000 ቮልት ገደማ ይበቃል። ሲሊንደር ውስጥ ግን አየሩና ቤንዚኑ በፒስተኑ ታምቀዋል፤ አየር በተጠጋጋ ቁጥር እሳት ለመዝለል የሚጠይቀው ቮልት ይጨምራል። ግቢ ውስጥ ያማረ እሳት የሚሰጥ ኮይል ሲሊንደር ውስጥ ሊረታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ፈተናው ይበልጥ ያታልላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በስስ አየር እሳት በቀላሉ ይዘላል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከ85 በመቶ በላይ ይደርሳል።

ብዙ ሾፌሮችን ግራ የሚያጋባው ነገር ከዚህ ይመነጫል። ደብረ ብርሃን ላይ ምንም የማይል መኪና ጣርማ በርን ተሻግሮ ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት አድሮ ወደ ደብረ ሲና ሲመለስ ዳገቱ ላይ ይቆራረጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል። «የቆላው ቤንዚን ነው» ይባላል። ቤንዚኑን ከመውቀስ በፊት በኮይሉ ላይ የተደረበውን ጫና መቁጠር ያስፈልጋል። አየሩ ወፍራም ነው፤ ነዳጁ ለዳገቱ እስከ ታች ስለተረገጠ ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ቮልት ከፍተኛ ነው። በዚያው ላይ የቆላው ሙቀትና የሞተሩ ግለት ኮይሉን ያግሉታል። መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ውስጡ ስንጥቅ ካለም ይከፈታል። ብዙ በሚጠየቅበት ሰዓት የሚሰጠው ያንሳል ማለት ነው። ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ደጋው ሲጠጋ አየሩ እየሳሳና እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ መኪናው ሊሻለው ይችላል። ይህ መዳን አይደለም፤ በሚቀጥለው ምልልስ ይደገማል።

እሳት መፈተን ካስፈለገ ሰፊ ክፍተት ያለው መፈተሻ ይጠቀሙ፤ የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝም አስቀድመው ያውጡ። በተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳ የሚወጣ የቤንዚን ትነት አጠገብ እሳት መጫወት ሰው ያቃጥላል።

ሞተሩ እየሠራ ኮይል መንቀል

የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ለማወቅ ሞተሩ እየዞረ ኮይሎቹን አንድ በአንድ ከካንዴላው መንቀል የቆየ ልማድ ነው። በዘመናዊ መኪና ላይ ይህ ጤነኛውን ኮይል መግደያ ነው። የሚዘልበት ክፍተት ያጣ ኤሌክትሪክ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ይወጣል፤ ከዚያ የራሱን መከላከያ፣ ኮምፒውተሩን ወይም የመካኒኩን እጅ ይመርጣል። በእጅ ላይ ያለው ድንጋጤ ብቻውን ክንድን ከሚዞር ቺንጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

የሚሻለው መንገድ ቀላል ነው። በመመርመሪያ መሣሪያ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ ያንብቡ። ፒ 0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር አልተቀጣጠለም ማለት ነው፤ ፒ 0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሞተሩን ያጥፉ፣ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል ያቀያይሩ፣ ኮዱን ሰርዘው መኪናውን ይንዱ። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከተዛወረ ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል። ባለበት ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው፤ ካንዴላውን፣ የነዳጅ መርጫውን ወይም የሲሊንደሩን ግፊት ይመርምሩ። ፒ 0300 ከሆነ ደግሞ የማይቀጣጠለው አንድ ሲሊንደር ብቻ ስላልሆነ ቮልትን፣ ነዳጅንና የሚሾልክ አየርን አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

ውኃና ዘይት ወደ ካንዴላው ጉድጓድ እንዲገባ መፍቀድ

ሞተርን በግፊት ውኃ ማጠብ እዚህ በጣም ተለምዷል። ውኃው በኮይሉ ዙሪያ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ይወርድና ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ሸክላ ላይ ተንሸራቶ ወደ ብረቱ ያመልጣል። የጣርማ በር ጉም ደግሞ ማኅተሙ ባረጀ ኮይል ላይ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የከፍታው አየር መሳሳትም በውጭ በኩል ማምለጡን ያግዘዋል። ክረምት ላይ ጉም ውስጥ ብቻ የሚቆራረጥ መኪና ካለዎት ከሁሉ በፊት የኮይሎቹን ጎማዎች ይመልከቱ። የካንዴላ ገመድ ባላቸው የቆዩ መኪኖች ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ብቻ ይበቃል፤ የሚሾልከው እሳት ገመዱ ላይ ሲብለጨለጭ ይታያል።

ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ከተገኘ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጋስኬት አርጅቷል። ዘይቱ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ጋስኬቱ ሳይቀየር ኮይል መቀየር ከንቱ ነው። ለጎማው የሚቀባውም ለኤሌክትሪክ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ነው፤ ለሚሽከረከር ብረት የሚውለው ተራ ግሪስ ጎማውን እንደ ዘይቱ ያበላሸዋል።

ማስጠንቀቂያ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መንዳት

የሞተሩ መብራት በርቶ ሲቀር ቀጠሮ ይሰጥዎታል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ቀጠሮ የለም። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ማቀጣጠል አለበት። አንዱ ካላቀጣጠለ በሰከንድ 25 ጊዜ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ባለበት መኪና ያ ቤንዚን እዚያ ውስጥ ይነድና ሴራሚኩን እስከ ማቅለጥ ያደርሰዋል፤ የሲሊንደሩንም ግድግዳ ዘይት ያጥባል። አንዳንድ መኪኖች ኮይሉ ለኮምፒውተሩ የሚመልሰው ምልክት ሲጠፋ የዚያን ሲሊንደር ነዳጅ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ የኮይሉ ጎማ ብቻ ሲበሳ ግን ኮይሉ ለኮምፒውተሩ ደህና መስሎ ስለሚታይ ነዳጁ መፍሰሱን ይቀጥላል። መለዋወጫ ኮይል ከሌለዎት በዚያ ሁኔታ ዳገቱን አይጀምሩት፤ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ይቁሙ።

ካንዴላን በኃይል ማጥበቅ

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሞተሩ እንደጋለ ከተፈታ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ሲገጠም መጀመሪያ በእጅ ይዞራል። ቀለበት ያለው አዲስ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ገደማ ይበቃዋል፤ አምራቹ በማሸጊያው ላይ የጻፈው ካለ እሱን ይከተሉ። የኢሪዲየም ካንዴላን በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉ፤ መሐል ጫፉ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ይሰበራል።

ቅርጹ ስለተመሳሰለ ብቻ ኮይል መግጠም

ሶኬቱ የገባ ሁሉ ልክ አይደለም። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ኮይሉ አራት ገመዶች አሉት፦ የባትሪ፣ የመሬት፣ የኮምፒውተሩ ትእዛዝና ኮይሉ «አቀጣጥያለሁ» ብሎ የሚመልሰው ምልክት። ቆራጩ ትራንዚስተርም ኮይሉ ውስጥ ነው። ሁለት ገመድ ብቻ ላለው ኮይል የሚሠራው የኦም መለኪያ በዚህ ላይ ትርጉም ያለው ንባብ አይሰጥም፤ በኦም መለኪያ ተለክቶ «ሞቷል» የተባለ ባለ አራት ገመድ ኮይል ደህና ሊሆን ይችላል። ሲገዙ በአሮጌው ኮይል ላይ የታተመውን ቁጥር ይዘው ይሂዱና ከአዲሱ ጋር ያመሳክሩ።

ጥገናውን ቆሞ በሚዞር ሞተር ማረጋገጥ

ጋራዥ ውስጥ ያለ ጭነት የሚዞር ሞተር ኮይሉን የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የታመመውም ጤነኛ ይመስላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሞተሩ በደንብ እስኪግል ይንዱት፤ ከዚያ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ዳገት ላይ ነዳጁን በሙሉ ይርገጡ። ደብረ ብርሃን የሚጠገን ሰው ከተማዋ አጠገብ ያለውን ዳገት ሊጠቀም ይችላል። ወደ ቆላ የሚመላለስ ሾፌር ግን ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን መንገድ፣ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ይውጣው፤ ሲደርስም ኮዱን በመሣሪያው ደግሞ ያስነብበው።